ጎጆው ያለበትን አንናገርም

ሥራዬን ለሚጠይቀኝ ሰው "የወፍ ጎጆ እከታተላለሁ" ብዬ አልፋለሁ። ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ብዙ የለም። በየዓመቱ መጨረሻ ዘገባ ይወጣል፤ በዘገባው ላይ "በዚህ ወንዝ ይህን ያህል ጥንድ፣ ይህን ያህል ጫጩት" የሚል ቁጥር ይሰፍራል፤ ውሃ የሚገድቡ፣ መንገድ የሚሠሩ፣ ድልድይ የሚያሰፉ ሁሉ እሱን ይዘው ይወስናሉ። ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ ግን ውስጡን ለቄስ ነው። የምናውቀው ጠዋት ጠዋት ወንዝ ዳር የምንውል ጥቂት ሰዎች ነን። እስቲ ዛሬ ጠጋ በሉና በጆሯችሁ ልንገራችሁ።

ወፏ ሊስት ቤልስ ቪሪዮ ትባላለች። መኖሪያዋ የደቡብ ካሊፎርኒያ ወንዞች ዳርቻ ነው። ስሟን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1843 ከታዋቂው የወፍ ሠዓሊ ከጆን ጄምስ ኦዱቦን ጋር በሚዙሪ ወንዝ ከተጓዘው ከጆን ግራሃም ቤል ነው። ክብደቷ ከዐሥር ግራም አይበልጥም። ከላይ ግራጫ፣ ከሥር ነጣ ያለች ናት፤ ቅጠል መሃል ስትቀመጥ ዓይን አይይዛትም። ድሮ በሰሜን ከሬድ ብላፍ አካባቢ ጀምሮ፣ የካሊፎርኒያን መካከለኛ ሸለቆ ይዞ፣ እስከ ሜክሲኮዋ ባሃ ካሊፎርኒያ ሰሜናዊ ክፍል ድረስ በብዛት ትገኝ ነበር። ወንዞቹ ሲገደቡ፣ ዳርቻቸው ሲታረስና ሲገነባበት፣ የካሊፎርኒያ የወንዝ ዳር ደን እስከ 95 በመቶ ድረስ እንደጠፋ ይገመታል። ወፏም አብራው ጠፋች። እ.ኤ.አ. በ1986 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለመጥፋት ከተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ሲያስገባት በአገሪቱ የቀሩት 300 ጥንዶች ገደማ ነበሩ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2006፣ ወንዶች እየዘፈኑ የሚጠብቋቸው ይዞታዎች ወደ 3 ሺህ ተጠግተው ተገኙ።

ዐሥር እጥፍ ማለት ነው። ይህን የሚሰማ ሰው ተፈጥሮ ራሷን ጠግና የተነሣች ይመስለዋል። እኛ ከውስጥ የምናየው ሌላ ነው። ይህች ወፍ የቆመችው በየጸደዩ የሚደግፋት እጅ ስላለ ነው። እጁ የታጠፈ ዕለት ምን እንደሚሆን ስለምናውቅ ነው ሳንታክት የምንሄደው።

በጆሮ የሚሠራ ሥራ

ወፎቹ የብርዱን ወራት በባሃ ካሊፎርኒያ ደቡባዊ ክፍል አሳልፈው ከማርች አጋማሽ ጀምሮ ይመለሳሉ። ወንዱ ቀድሞ ይደርስና ይዞታውን በዘፈን ያጥራል። ብዙዎቹ አምና ወደነበሩበት ቦታ፣ አንዳንዴም ወደዚያው ቁጥቋጦ ነው የሚመጡት። እግራቸው ላይ ባለቀለም ቀለበት የተደረገላቸውን ስናይ እገሌ መጣ እንባባላለን። በደረቅ ቅጽ ላይ የሚጻፈው የቀለሞቹ ቅደም ተከተል ብቻ ነው፤ ከጽሑፉ በፊት ያለችውን ደስታ ግን ቅጹ አይይዛትም።

ዘፈኑ አንዴ የሰማው ሰው የሚረሳው አይደለም። ፈጣንና ሻካራ ነው። መጀመሪያ ጫፉን ወደ ላይ አንሥቶ ይጠይቃል፣ ወዲያው ጫፉን ዝቅ አድርጎ ራሱ ይመልሳል። የሥራችን ግማሹ ሌላው የወንዝ ዳር ወፍ ሁሉ በአንድ ላይ ሲንጫጫ ይህችን ጥያቄና መልስ ለይቶ መስማት ነው። ከእኛ መካከል ጎበዝ የሚባለው ርቆ የሚያይ ሰው አይደለም፤ ቆሞ መስማት የሚችል ነው። ወፏን ራሷን ሳናይ የምንመለስበት ጠዋት ብዙ ነው።

ደንቡ ጥብቅ ነው። የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጣው መመሪያ መሠረት አንድ ቦታ ከኤፕሪል 10 እስከ ጁላይ 31 ባለው ጊዜ ስምንት ጊዜ ይዳሰሳል። በአንዱና በሚቀጥለው ዳሰሳ መካከል ቢያንስ ዐሥር ቀን መኖር አለበት። ጎህ ሲቀድ ይጀመርና ረፋዱ ላይ አምስት ሰዓት ሲሆን ይቆማል። ኃይለኛ ነፋስ፣ ዝናብ ወይም ከባድ ሙቀት ካለ ሥራው ለሌላ ቀን ይተላለፋል። አንድ ሰው በቀን ከሦስት ኪሎ ሜትር የሚበልጥ የወንዝ ዳር እንዲያዳርስ አይፈቀድለትም፤ የሚቸኩል ጆሮ ብዙ ያመልጠዋልና። ስምንት ጊዜ የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ጥንድ ያገኘ ወንድ አንዳንድ ጠዋት ድምፁን ያጠፋል። አንድ ጠዋት ዝም ስላለ "የለም" ተብሎ አይጻፍበትም።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገራችሁ። በዚህ ዳሰሳ የተቀዳ የወፍ ድምፅ ማሰማት አይፈቀድም። በእነዚሁ ወንዞች ዳር ለምትኖረው ለሌላዋ ለአደጋ የተጋለጠች ወፍ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ለተመዘገበችው የደቡብ ምዕራብ ዊሎው ፍላይካቸር፣ ፈቃድ ያለው ባለሙያ የተቀዳ ድምፅ አሰምቶ ምላሽ ይጠብቃል። ቪሪዮው ግን ሳይጠሩት የሚዘፍን ወፍ ስለሆነ ማታለል አያስፈልግም። ማታለሉ ደግሞ ያስከፍላል። ሌላ ወንድ ይዞታው ውስጥ የገባ ሲመስለው ያለበትን ትቶ ሊፋለም ይወጣል። ያለበት ቦታ ደግሞ ጎጆው ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ዝርያ ወንዱም ከሴቷ ጋር ተራ እየገባ እንቁላል ይታቀፋል። ታቅፎም ይዘፍናል። ከዚህ ሥራ ሁሉ ልቤን የሚነካው ይህ ነው፤ ጠላት እንዳያገኘው ከቅጠል ሥር የደበቀውን ጎጆ ራሱ በዘፈኑ ያጋልጠዋል። እኛም አንዳንዴ የምናገኘው በዚያው ነው። ስለዚህ ድምፁን ሰምተን ስንደርስበት ኃላፊነቱም አብሮ በእኛ ላይ ይወድቃል።

መንገድ ያለመተው ጥበብ

ከሩቅ ሆኖ ዘፈን መቁጠር አንድ ነገር ነው፣ ጎጆ ዘንድ መቅረብ ሌላ። ለሁለተኛው በሰው ስም የሚሰጥ የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ከመሰጠቱ በፊትም አዲስ ሰው ከነባር ባለሙያ ጋር እየዋለ ይሠለጥናል። የሚሠለጥነው በዋነኝነት ምን ማድረግ እንደሌለበት ነው።

ጎጆ የሚፈለገው ቁጥቋጦ እየገለበጡ አይደለም። ራቅ ብለው ይቀመጡና ወፏ አፏ ውስጥ ምን እንደያዘች ያያሉ። የልጥ ቁራጭ ወይም የሸረሪት ድር ከያዘች እየሠራች ነው። አባጨጓሬ ይዛ ከሄደች ጫጩት አላት። ሁለቱ ወፎች በአንድ ቅርንጫፍ ዘንድ እየተቀያየሩ ከገቡና ከወጡ ተራ እየገቡ እየታቀፉ ነው። ይህን ከሁለት አቅጣጫ ካረጋገጥን በኋላ ነው እግራችንን የምናነሣው።

ጎጆው ከመሬት አንድ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ብሎ፣ በአኻያ ወይም ሙልፋት በሚሉት ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ መንታ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል። የቡና ሲኒ ያህላል። ከልጥ፣ ከደረቅ ሣርና ከቅጠል ተሠርቶ በሸረሪት ድር ተሰፍቷል፤ ከንፈሩ በሁለቱ ቀጫጭን ቅርንጫፎች ላይ ተጠምጥሟል፤ ሆዱ ባዶ አየር ላይ ነው። ነፋስ ሲነሣ ቅርንጫፉ ይወዛወዛል፣ ጎጆው አብሮ ይወዛወዛል፣ ውስጡ ያለው ግን አይወድቅም። እንዲህ ያለ ሥራ በጥቂት ቀን በሁለት ምንቃር መሠራቱን ሳስብ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ወደ ጎጆው የምንሄደው በአንድ መንገድ ነው፣ የምንወጣው በሌላ። ሄደን እዚያው ቆመን በመጣንበት ከተመለስን፣ በተረገጠው ሣርና በእኛ ሽታ ጎጆው ጋ የሚያበቃ መንገድ ቀድደናል ማለት ነው፤ ሌሊት ኦፖሰም የሚባለው እንስሳ ያን ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ሳንቆም እንደሚያልፍ መንገደኛ ጎጆውን አልፈን እንቀጥላለን። ቅርንጫፍ አንሰብርም፣ ቅጠል አንገልጥም። ምልክት የሚሆን ባለቀለም ሪባን ጎጆው ባለበት ቁጥቋጦ ላይ በፍጹም አይታሰርም፤ ራቅ ያለ ዛፍ ላይ ታስሮ ርቀትና አቅጣጫው ማስታወሻ ላይ ይጻፋል። አካባቢው ላይ ስክረብ ጄይ የምትባለዋ ሰማያዊ ወፍ ካየን ጎጆውን እንደማናውቅ ሆነን እናልፋለን። እሷ ብልህ ናት፤ ሰው ምን እንደሚያይ ታያለች። በሳን ዲዬጎ አውራጃ ጎጆዎች አጠገብ የተተከሉ ካሜራዎች እንቁላልና ጫጩት ሲወስዱ ከቀረጿቸው መካከል ስክረብ ጄይ፣ ኦፖሰም፣ እባብ፣ እንዲሁም ከደቡብ አሜሪካ የመጣው የአርጀንቲና ጉንዳን ይገኙበታል።

ጎጆው ዘንድ የምንቆየው ለጥቂት ሰከንድ ነው። ጫፉ ላይ ትንሽ መስታወት የታሰረበት ዘንግ ከጎጆው በላይ እናሳልፋለን፣ በመስታወቱ ውስጥ ያየነውን በልባችን ይዘን እንሄዳለን፣ የምንጽፈው ርቀን ከቆምን በኋላ ነው። ስንት እንቁላል፣ ስንት ጫጩት፣ ዓይናቸው ተከፍቷል ወይስ አልተከፈተም፣ ክንፋቸው ላይ ላባው ከሽፋኑ ብቅ ብሏል ወይስ አላለም። ከላባቸው ዕድሜያቸው ይሰላል፣ ከዕድሜያቸው የሚቀጥለው ጉብኝት ቀን ይወሰናል። ጫጩቶቹ በተፈለፈሉ ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት ባለው ቀን ጎጆውን ስለሚለቁ፣ ወደዚያ ሲቃረቡ አንጠጋም። የደነገጠ ጫጩት መብረር ሳይችል ዘሎ ይወጣልና። ያን ጊዜ ከሩቅ ሆነን ወላጆቹ ምግብ ይዘው ወዴት እንደሚሄዱ ብቻ እንከታተላለን።

ጎጆው ያለበትን ለማንም አንናገርም የምለውም ለዚህ ነው። ለጓደኛ፣ ለፎቶ አንሺ፣ ለወፍ አፍቃሪም ቢሆን አይነገርም። እኛ በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ ሄደን እንኳ ከጎጆዎቹ ብዙዎቹ ሳይሳካላቸው ይቀራሉ። ወፎቹ እንደገና ይሠራሉ፤ በአንድ ወቅት ሦስትና አራት ጊዜ ጎጆ የሚሠሩ ጥንዶች አሉ። በራሳቸው ብርታት ላይ የእኛን ስሕተት መጨመር አይገባንም።

አምስተኛዋ እንቁላል

በመስታወቱ ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚታዩት ሦስት ወይም አራት እንቁላሎች ናቸው። ነጭ ናቸው፤ ጥቃቅን ጠቆር ያሉ ነጠብጣቦች ጣል ጣል ብለውባቸዋል። አንዳንድ ጠዋት ግን ከመካከላቸው ጎላ ያለች፣ ዙሪያዋን በቡናማና በግራጫ የተዥጎረጎረች አንዲት እንቁላል ትታያለች። ያቺ የካውበርድ ናት።

ካውበርድ የሰሜን አሜሪካ ወፍ ነው። ከብት እየተከተለ ከሣሩ የሚነሡትን ነፍሳት ይለቅማል። ከብት እርባታና እርሻ ሲስፋፋ አብሮ ተስፋፋ፤ ወደ ካሊፎርኒያ የባሕር ጠረፍ ወንዞች በብዛት የገባው በ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዐሥርት ዓመታት ነው። ጎጆ አይሠራም፣ እንቁላሉን በሌላ ወፍ ጎጆ ውስጥ ይጥላል። አንዲት ሴት በአንድ ወቅት እስከ አርባ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። የካውበርድ እንቁላል ከዐሥር እስከ ዐሥራ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላል፤ የቪሪዮ ግን ዐሥራ አራት ቀን ገደማ ይፈልጋል። እንግዳው ቀድሞ ይወጣል፣ ቀድሞ ያድጋል፣ ከአሳዳጊዎቹም ይበልጣል። የሚመጣውን ምግብ ሁሉ እሱ ይቀበላል። የቤቱ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ በረኃብ ያልቃሉ።

ቁጥጥር ከመጀመሩ በፊት በአንዳንድ ወንዞች ግማሽ ያህሉ ጎጆ እንዲህ ይጠቃ ነበር። ወንዙ ዳር ሁለት ጥንድ ተቀምጠው አንዱ ለሌላ ወፍ ልጅ ሲደክም ይከርማል ማለት ነው። ይህን ከአሜሪካ የጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት ጋር ሆነው በሳን ዲዬጎ ወንዞች ለረጅም ዓመታት ያጠኑት ዶክተር ባርባራ ከስ ናቸው። የካውበርዷን እንቁላል ከጎጆ ማውጣት ይቻላል፣ በፈቃድም ይደረጋል። ግን ሥራው ጥንቃቄ ይሻል። ጎጆው ውስጥ የራሳቸው እንቁላል ጥቂት ከሆነ ቁጥሩ መጉደሉን ያዩ ወላጆች ጥለው ሊሄዱ ይችላሉ።

ዋናው መከላከያ ወጥመዱ ነው። ስለ እሱ ስንናገር ድምፃችን ዝቅ ይላል። ወጥመዱ ሰው ቆሞ የሚገባበት የሽቦ መረብ ቤት ነው፤ ጣሪያው ላይ ጠባብ ክፍተት አለው። ውስጡ በሕይወት ያሉ ካውበርዶች፣ ማሽላ መሰል ጥራጥሬና ውሃ ይቀመጣሉ። ካውበርድ ከዘመዶቹ ጋር መሆን የሚወድ ስለሆነ ድምፃቸውን ሰምቶ ይመጣል፣ ክንፉን አጥፎ በክፍተቱ ይወርዳል፤ ሲወጣ ግን ክንፉን መዘርጋት ስላለበት ክፍተቱ አያሳልፈውም። ወጥመዱ በየቀኑ ይጎበኛል፤ እሑድ የለ፣ በዓል የለ። ውሃ ይቀየራል፣ ጥላ ይስተካከላል፣ በስሕተት የገባ ሌላ ወፍ ወዲያው ይለቀቃል። የተያዙት ሴት ካውበርዶች ይገደላሉ።

ይህን ሳላለዝብ የምናገረው ደፍኜ ላልፈው ስለማልፈልግ ነው። ካውበርዱ ምንም አላጠፋም፤ ተፈጥሮው ያዘዘውን ነው የሚያደርገው። ያስፋፋነው እኛ ነን፤ ደኑን ቆራርጠን ከብት፣ የፈረስ በረትና የሣር ሜዳ ወንዙ ድረስ ያመጣነው እኛ ነን። ያን ካደረግን በኋላ እጃችንን አጣጥፈን "ተፈጥሮ ትወስን" ማለት ለእኔ ንጹሕነት አይመስለኝም። በወጥመዱ አምናለሁ። ከ300 ጥንድ ወደ ሺዎች ያደረሰው አንዱ ትልቁ ምክንያት እሱ ነው። ዶክተር ከስና ሜሪ ዊትፊልድ ግን እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት፣ ወጥመድ ለሁሉም ወፍ መድኃኒት እንዳልሆነ አሳይተዋል፤ ዊሎው ፍላይካቸር ካውበርድ ቢቀነስላትም እንደ ቪሪዮ አላንሰራራችም። ለረጅም ዘመን በወጥመድ ብቻ መተማመን ወፍን የሰው ጥገኛ አድርጎ እንዳያስቀርም አሳስበዋል። ወጥመድ ጊዜ ይገዛል። በተገዛው ጊዜ ደኑ ካልተመለሰ ግን ግዢው ማለቂያ የለውም።

አንዲት መስመር ቡልዶዘር ስታቆም

ከማርች አጋማሽ እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ባለው ጊዜ ወፏ በምትራባበት ቦታ ቁጥቋጦ መመንጠር በአብዛኛው ይከለከላል። አቅራቢያው ላይ ግንባታ ካለ ድምፁ ይለካል፤ ብዙ ጊዜ እንደ ገደብ የሚያዘው 60 ዴሲቤል ነው። ከዚያ ካለፈ የድምፅ መከላከያ ግድግዳ ይቆማል፣ ወይም ሥራው ጫጩቶቹ ጎጆ እስኪለቁ ይዘገያል። እንግዲህ አስቡት፤ እኛ ማስታወሻ ላይ የጻፍናት አንዲት መስመር ስንትና ስንት ማሽን ታቆማለች።

ስለዚህ ስልክ ይደወላል። "እርግጠኛ ነሽ? ሌላ ወፍ ሊሆን አይችልም? ዛሬ ሄደሽ ባትሰሚውስ?" ይሉኛል። የደወለው ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱንም የሚጠይቀው አለቃ አለበት። መልሱ ግን ያው ነው፤ ቀኑ ይህ፣ ሰዓቱ ይህ፣ ቦታው ይህ፣ የዘፈነው ይህን ያህል ጊዜ። ቅጾቻችን ለሌላ ሰው የሚያሰለቹት ለዚህ ነው። በግምት የተጻፈ ቃል አንድ ስልክ አይቋቋምም። ወፏ ጠበቃ የላትም፤ የሚሟገትላት ያ ቅጽ ብቻ ነው።

ወፏ ዛሬ በብዛት የምትገኝባቸውን ቦታዎች ስታዩ አንድ ነገር ትገነዘባላችሁ። ከትልልቅ መኖሪያዎቿ አንዱ በካምፕ ፔንድልተን የባሕር ኃይል እግረኛ ጦር ሰፈር ውስጥ የሚያልፈው የሳንታ ማርጋሪታ ወንዝ ነው። ሌላው በሳንታ አና ወንዝ ላይ እ.ኤ.አ. በ1941 ከተሠራው ከፕራዶ ግድብ በስተኋላ ያለው ረባዳ መሬት ነው፤ ጎርፍ ሲመጣ ውሃ ስለሚተኛበት ቤት አይሠራበትም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከ20 የማይበልጡ ጥንዶች ነበሩበት፤ በኋላ ቁጥሩ በመቶዎች ሆነ። ሰው ሊገነባበት ያልቻለው መሬት ነው ያተረፋት።

ከአገር ቤት የምናውቀው ሸምበቆ

በፕራዶና በሳን ሉዊስ ሬይ ወንዝ ዳር ስሄድ ከሩቅ የማውቀው ተክል አለ። ሸምበቆ ነው። እኛ አገር አጥር የሚታጠርበት፣ ጣሪያና ግድግዳ የሚሠራበት ያው አሩንዶ ዶናክስ ወደ ደቡብ ካሊፎርኒያ የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ነው፤ ለጣሪያና የቦይ ዳር ለመያዝ ተብሎ ተተከለ። እዚህ የሚገታው አላገኘም። አኻያውን ዋጥ አድርጎ የወንዙን ዳር ብቻውን ይይዛል፣ ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ሲደርቅ እንደ ክብሪት ይነድዳል። ቪሪዮ ጎጆ የምትሰቅልበት ቅርንጫፍ መንታ የለውም፣ የምትለቅመውም ነፍሳት ጥቂት ነው።

የሚነቀልበት መንገድ የሙያ ምሥጢር አለው። ሥራው ከወንዙ ራስ ጀምሮ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ጎርፍ የሰበረው አንድ ቁራጭ አገዳ ዝቅ ብሎ ሥር ይሰዳልና፣ ከታች የጀመረ ሰው ሥራው በሚቀጥለው ጎርፍ ተመልሶ ይበላሽበታል። ከመራቢያ ወቅት ውጭ ነው የሚቆረጠው፤ ከተቆረጠም በኋላ ዓመታት ይከታተሉታል። በሳንታ አና ተፋሰስ ሰፊ መሬት ከሸምበቆ የዳነው እንዲህ ነው። ይህን ሰምቶ ቸኩሎ የሚያደንቅ ሰው ግን የሚዘነጋው ነገር አለ፤ ከተነቀለ በኋላ የሚመለሰው አኻያም ጠባቂ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በቲዋና ወንዝ ሸለቆ ከእስያ የመጣች፣ የሰሊጥ ቅንጣት የምታህል እንጨት በዪ ጥንዚዛ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ አኻያዎችን ወረረች። ግንዱን ቦርቡራ ፈንገስ ታስገባበታለች፤ ዛፉም በቁሙ ይሰበራል።

ጎርፍ ራሱ ግን ጠላት አይደለም። ቪሪዮ የምትወደው ከአምስት እስከ ዐሥር ዓመት የሆነውን፣ ከሥሩ ጥቅጥቅ ያለ ወጣት አኻያ ነው። ዛፉ ሲያረጅ ከፍ ይልና ሥሩ ይራቆታል። ድሮ ጎርፍ መጥቶ አሮጌውን ጠርጎ ለአዲሱ ቦታ ይለቅ ነበር። ግድብ ያንን ስላስቀረ፣ ወንዝ ይሠራው የነበረውን ዛሬ ሰው በአካፋና በችግኝ ይሠራዋል።

ያ ልፋት ዋጋ እንዳለው ያየነው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። በካሊፎርኒያ መካከለኛ ሸለቆ፣ በሳን ዋኪን ወንዝ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ ውስጥ፣ አንድ ጥንድ ቪሪዮ ጎጆ ሠርቶ ተገኘ። በዚያ ሸለቆ እንዲህ ያለ ነገር ከታየ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር። ጎጆው የተገኘው ሰዎች መልሰው ባለሙት የወንዝ ዳር ደን ውስጥ ነው። ማንም አላመጣቸውም፤ አኻያው ሲበቅል ራሳቸው መጡ። ያገኛቸውም ዘፈኑን የሚያውቅ ጆሮ ነው።

ምን እናድርግ ለምትሉ

ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር "እንግዲህ ድናለች" የሚል ድምፅ ይነሣል። በፌዴራል መንግሥቱ የ2006 ግምገማ ደረጃዋ ከ"ለመጥፋት የተቃረበች" ወደ "ሥጋት ያለባት" እንዲቀየር ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ለደረሰችበት ደስ ይለኛል። ነገር ግን ደረጃ ሲቀየር በጀትም አብሮ እንዳይቀየር እሰጋለሁ። ወጥመዱን በየጠዋቱ የሚጎበኘው ሰው፣ ሸምበቆ የሚነቅለው ሰው፣ ስምንት ጊዜ ሄዶ የሚያዳምጠው ሰው ደመወዝ ይፈልጋል። ገንዘቡ የሚመጣው ከግንባታ ካሳ፣ ከውሃ ድርጅቶች፣ ከጦር ሰፈሩና ከመንግሥት ነው፤ በየዓመቱም አዲስ ክርክር ይነሣበታል።

በሎስ አንጀለስ፣ በሪቨርሳይድና በሳን ዲዬጎ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በእነዚህ ወንዞች ዳር ቅዳሜና እሑድ ከልጆቻችሁ ጋር ስትንሸራሸሩ አያችኋለሁ። ከማርች እስከ ሴፕቴምበር ከተሠራው መንገድ አትውጡ፣ ውሻችሁን አትልቀቁ። የወፍ ድምፅ በስልክ አታጫውቱ። ጎጆ ካገኛችሁ ፎቶውን ከነቦታው አትለጥፉ። ለወፍ ጥራጥሬ የምትሰቅሉ ከሆነ በዚያ ወቅት አውርዱት፤ ካውበርድ ይሰበስባል። ግቢያችሁ ያለውን ሸምበቆ ቆርጣችሁ ወደ ቦይ አትጣሉ፤ ቦዩ ወንዝ ይገባል። ስለ ወንዝ ዳር በጀት የከተማችሁ ምክር ቤት ስብሰባ ሲጠራ ደግሞ ሄዳችሁ ተናገሩ። እኛ የምንጽፈው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚናገር ነዋሪ ሲገኝ ነው ሥራው በሚመጣውም ጸደይ የሚቀጥለው።